የዱቤ መዝገብ

ሙጋድ ላይ ሱቅ አለኝ፤ ሚስማርና ቀለም፣
ከበሩ አናት ላይ ጽሑፍ አለ፦ «ዱቤ የለም»።
የጻፈው ኑርዬ ነው፤
የጻፈበትንም ቀለም
በዱቤ ነው የወሰደው።

መዝገቡ ይኸውላችሁ፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፣
ግማሹ ገጽ የእሱ ነው፣ ግማሹን ጣቱ አሳድፎታል።
«ጥቅምት ሦስት፤ ቀይ፣ ሁለት ጣሳ፤ ኑርዬ።»
«ጥቅምት አምስት፤ ቀይ፤ ኑርዬ።»
«አምስት ማታ፤ ቀይ።» ከዚያ ወዲያ ስም አልጻፍኩም፣
ቀለሙ ራሱ ይናገራል ብዬ።

ቀን ቀን ለሰው ያድር ነበር፤
ለፀጉር ቤት ጎፈሬ፣ ለጋራዥ ጎማ፣
ለጠበቃ ሚዛን፣ ለሊስትሮ ጫማ፤
ለስጋ ቤት በሬ ሳለ አንድ ጊዜ፣
ዓይኑን እንዲህ አድርጎ፣ የእናት ዓይን አስመስሎ፣
በላተኛው ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ቢቀር
ባለቤቱ ኖራ ቀባበት፣ «አከሰርከኝ!» ብሎ።

ማታ ግን ለራሱም አያድርም።
ጦሳ ጉሙን ለቅቆ ደሴን ሲሸፍናት፣
መብራት ሲሄድ፣ ውሻ ሲያላዝን ከሆጤ በኩል፣
አቡጀዲውን ግድግዳ ላይ ቸንክሮ
ብሩሹ ሲዘገይበት በመዳፉ፣
መዳፉ ሲዘገይበት በክርኑ ሲል፣
ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፦
«አንተ ሰው! ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

ጠዋት እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ዓይኑ ፍም መስሎ፣
ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ይጥላል፦
«ይሄ ቀይ አይደለም። ቀዩን ስጠኝ!»
«ቀይ ነው፤ ፋብሪካው ጽፎበታል» እላለሁ።
«ፋብሪካው ምን አይቶ ያውቃል?»

ነገሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።
ታናሽ ወንድሙ ይማም፣ የኤንትሬ ሾፌር፤
የኋላ ስፖንዳው ላይ አንበሳ ሳለለት፣ ደረቱ ቀይ በቀይ፣
«አልደረቀም፣ ነገ ውረድ» ቢለው
«መንገድ ያደርቀዋል» ብሎ አስነሣ፣ እየሳቀ።
የኮምቦልቻን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ፤
እጥፍ፣ እጥፍ፣ ከዚያ ሌላ እጥፍ።
ኑርዬ ሲደርስ ስፖንዳው ድንጋይ ላይ ተደፍቷል፤
እጁን ሰደደ፣ እጁ ቀላ፤
የቱ ቀለም፣ የቱ ወንድሙ እንደሆነ
እስኪሞት አልለየም።
ይኸው ነው የሃያ ዓመት ዕዳ፤
እኔ በጣሳ የቆጠርኩት፣
እሱ በሌላ መስፈሪያ።

በሞተበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ሐይቅ ለለቅሶ ስሄድ
ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።
ስመለስ ሱቁ ደህና፤ ሚዛኑ፣ ሚስማሩ፣ ሣንቲሙ።
ማታ በሩን ገጥሜ ልቀረቅር ስል፣
ከውስጥ በኩል፣ ሲዘጋ ብቻ በሚታየው ገጽ፣
መንገድ።
አንድ እጥፍ። ሰው የለም፣ መኪና የለም፤
ጉሙ ውስጥ እየሳሳች፣ እየራቀች
መዳፍ የምታህል ቀይ ብቻ።

ነሐሴ ላይ ሳንባው ጨረሰው፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል።
ቀባሪው ጥቂት ነበር፤ ዝናቡ ብዙ።
ከአዲስ አበባ አንዱ መጥቶ «በሩን ሽጥልኝ» አለኝ፤
«ባለሱቅ በሩን ሲሸጥ የት አይተሃል?» አልኩት፤
ሄደ፣ ካርዱን ትቶ።

ያቺ ቀይ ግን አትደርቅም።
የሞተር ዘይት ለውሶባታል፤ ይሸተኛል፣ ቀለም ሻጭ ነኝ።
ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፣ ዛሬም ጣት ትይዛለች።
አሁን አሁን በጊዜ እዘጋለሁ።
ሒሳቡን ልሰርዝ እስኪብርቶ አነሣና
ከየት ጀምሬ እንደምሰርዝ ይጠፋኛል፤
ተነሥቼ በሩን እነካለሁ።

ጠዋት መልስ ስሰጠው ደንበኛ እጄን ያይና
«ምነው፣ ቆሰልክ እንዴ?» ይለኛል።
«አይ» እላለሁ፣
«አልደረቀም።»